ከበሩ ውጭ ያለው ሥራ አስኪያጅ

በኤሚሬቶች አገር፣ አል ዐይን ከተማ ውስጥ፣ በአል ሙዋይጂ ሰፈር፣ ከድሮው ምሽግ ብዙም ሳይርቅ አንድ የሴቶች ፀጉር ቤት አለ። በሩ ውስጡን የማያሳይ መስታወት ነው። ከመስታወቱ ጀርባ ወፍራም መጋረጃ ተጋርዷል። «ለሴቶች ብቻ» የሚል ጽሑፍ በዐረብኛና በእንግሊዝኛ ተለጥፎበታል። በአማርኛ አልተጻፈም፤ አያስፈልግምም። መንገድ የጠፋው ሐበሻ ወንድ ያንን በር ቢገፋ፣ የቤቱ አንጋፋ ሠራተኛ ብርቅነሽ ከውስጥ በአንድ ቃል ታስቆመዋለች።

ሙርሺድ መሐሙድ ይህን ቤት አራት ዓመት መርቶታል። በእነዚያ ዓመታት ግን ሴቶቹ ሥራ ላይ እያሉ አንድም ቀን ወደ ውስጥ ገብቶ አያውቅም። ሊገባም አይችልም። እዚህ አገር የሴቶች ፀጉር ቤት ወንድ አይገባበትም፤ ባለቤትም ይሁን የባለቤት ልጅ። ስለዚህ የሙርሺድ ቢሮ ነጭ ፒክአፕ መኪናው ነበረች። ከበሩ ፊት ለፊት፣ ኒም ዛፍ ሥር ያቆማታል። ስልኩን መሪው ፊት ያስደግፋል፤ ቀጠሮ ይቀበላል፣ ዕቃ ያዛል፣ ከሠራተኞቹ ጋር ይነጋገራል። በበጋ ሞተሩን ሳያጠፋ ይቀመጣል፤ ካጠፋው ያን ሙቀት የሚችል የለም።

የሰፈሩ ሰዎች ይቀልዱበት ነበር። በተለይ ከጎን ላለው ላውንደሪ ልብስ የሚያመላልሰው ንጋቱ ሲያልፍ ሳይነካካው አያልፍም።

«ጋሽ ማናጀር፣ ዛሬ የቅንድብ ገበያ እንዴት ዋለ?»

«ከእናንተ ቤት ይሻላል» ይላል ሙርሺድ። «የኛ ደንበኛ ስትወጣ እየሳቀች ነው። ያንተ ደንበኛ የጠፋ ቁልፍ እየፈለገ ነው የሚወጣው።»

ሙርሺድን የምናውቅ ሰዎች ቀልዱ ውስጡን እንደማይነካው እናስብ ነበር። አይደለም፤ ይነካው ነበር። ሰው ግን የሚያፍርበትንና የሚኮራበትን ነገር በአንድ ጊዜ ተሸክሞ መኖር ይችላል። እሱም እንደዚያ ነበር የኖረው።

የተወለደው ወሎ፣ ሐይቅ ነው። አባቱ መሐሙድ አል ዐይን ውስጥ የውኃ ቦቴ ይነዱ ነበር፤ እናቱ መርየም ደግሞ አል ሙዋይጂ ውስጥ ከአንድ ቤተሰብ ቤት ትሠራ ነበር። ልጃቸው አያቱ ጋ አድጎ፣ ጢም ሊያበቅል ሲል ነው የመጣው። እህቱ ሰልዋ ግን እዚሁ ተወለደች። ለዚህ ነው እሱ በወሎ አማርኛ ሲያስብ እሷ በሦስት ቋንቋ የምታስበው። እሱ ሁለተኛ ደረጃን ጨርሶ የአየር ማቀዝቀዣ፣ የኤሲ፣ ጥገና ተማረ፤ አቡ ዳቢ ወርዶ በአል ሪም ደሴት ፎቆች ላይ ሠራ። ሥራውን ይወደው ነበር። ኤሲ ሲበላሽ የት እንደተበላሸ ከድምፁ የሚያውቅ ልጅ ነው ይባል ነበር።

ፀጉር ቤቱን የከፈተችው መርየም ናት። ለምን እንደከፈተች ለልጆቿ የነገረቻቸው ታሪክ አለ። ገና ሠራተኛ እያለች፣ የማዳሟ ቤት እንግዳ ሞልቶበት ወጥ ቤት ቆማ ሩዝ ስታወጣ፣ ከሐይቅ ስልክ ተደወለላት። የደወለው ሰው የሚያደርገውን አላወቀም፤ እናትሽ ሞታለች አላት። መርየም ስልኩን ዘጋች፤ ሩዙን አወጣች፤ ትሪውን ተሸክማ እንግዶቹ ፊት አቀረበች። ያለቀሰችው ሁሉም ተኝቶ ሳህኑ ከታጠበ በኋላ ነው። ድምፅ እንዳይሰማ ፎጣ ነክሳ አለቀሰች። ማዳሟ ክፉ ሰው አልነበረችም፤ በማግሥቱ ስትሰማ ራሷም አልቅሳለች። ግን ያለፈው አልፎ ነበር።

ስለዚህ መርየም የራሷን ቤት ስትከፍት አንድ ሥርዓት አብራ ከፈተች። አል ዐይን ውስጥ ሰው ቤት የሚሠሩ የሐበሻ ልጆች የአገር ቤት ዘመዶች ቀስ በቀስ የእሷን ስልክ ቁጥር ያዙ። ሞት ሲመጣ ለልጅቷ አይደውሉም፤ ለመርየም ይደውላሉ። መርየም ልጅቷ ዕረፍት እስክትወጣ መርዶውን ትይዘዋለች። ያን ቀን ጥቂት ሴቶችን በጠዋት ትሰበስባለች። ልጅቷን ዝቅ ያለች ዱካ ላይ ታስቀምጣትና ከኋላዋ ተቀምጣ ሹሩባዋን ትፈታላታለች። ፀጉሯ ተፈትቶ ሲያልቅ፣ እጇን ከራሷ ላይ ሳታነሳ ትነግራታለች። ልጅቷ ታለቅሳለች፣ ትጮኻለች፣ ትወድቃለች። የሚይዛት ሰው አለ። ወደ ሥራዋ የምትመለሰው ፊቷን ታጥባ፣ ትንሽ ቀምሳ ነው።

ይህ የንግድ ሥራ አይደለም የሚል ይኖራል። ነገር ግን የዚያ ቤት ደንበኞች ሌላ ቦታ በርካሽ እየተሠሩ እንኳ ተመልሰው የሚመጡት ለዚህ ነበር። የከተማው ሴቶች፣ የአገሩ ተወላጆችም ጭምር፣ ሹሩባና ሂና ብለው ይመጡ ነበር። የቤቱ ስም የተሠራው ግን በዚያች ዝቅ ባለች ዱካ ላይ ነው።

መሐሙድ ከሞቱ በኋላ የመርየም ቀኝ እጅ መንቀጥቀጥ ጀመረ። መጀመሪያ ሻይ ስትቀዳ ነበር፤ በኋላ ሹሩባ ስትሠራም ጣቶቿ አልታዘዝ አሏት። ያኔ ልጇን ከአቡ ዳቢ ጠራችው።

«ቤቱን አንተ ያዘው» አለችው።

«እማ፣ መግባት የማልችልበትን ቤት እንዴት ልያዘው?»

«አባትህም ገብቶ አያውቅም። ግን በሩ ላይ ቆሞ ነበር።»

ሰልዋ እኮ አለችልሽ፣ ልጅነቷን ሙሉ እዚያ ነው ያደገችው ሲላት እናቱ ተቆጣች። ሰልዋን ለሰው ፀጉር አላስተማርኳትም አለችው። ልጅቷ ኮሌጅ ጨርሳ አል ሪም ውስጥ ካለ አንድ ትልቅ ፎቅ የእንግዳ መቀበያው ላይ ተቀጥራለች፤ ጥቁር ኮት ለብሳ የተነሳችውን ፎቶ መርየም ለጎረቤት ሁሉ አሳይታለች። ከዚያ ፎቅ ወርዳ የሰው ፀጉር ታጥባለች ብላ ማሰብ አትፈልግም። ሰልዋ ራሷ ልምጣ ብላ ጠይቃ አይሆንም ተብላለች። እናም ሙርሺድ መጣ።

የመጀመሪያው ዓመት ስህተቱን እሱ ራሱ እየሳቀ ነው የሚያወራው። ቤቱን ላሳድገው ብሎ ተነሳ። የተቆጠበውን አውጥቶ ከፍ ዝቅ የሚሉ፣ የሚሽከረከሩ፣ ጀርባቸው ቆዳ የሆነ ምርጥ ወንበሮችን ገዛ። ሰኞ ቤቱ ዝግ ሆኖ ሳለ ገብቶ ራሱ ገጠማቸው። ዝቅ ያሉትን ዱካዎች፣ ፍራሾቹንና ምንጣፉን ያረጁ ናቸው ብሎ አውጥቶ ጣለ። ቤቱ እንደ ትልቅ ሆቴል አማረበት፤ ፎቶ አንስቶ ለእናቱ ላከላት። እናቱም ማሻአላህ አለች።

ያልገባው ነገር ሹሩባ በወንበር ላይ እንደማይሠራ ነው። የምትሠራው ሴት ከፍ ብላ ትቀመጣለች፤ የምትሠራላት ሴት ደግሞ ዝቅ ብላ በሠሪዋ ጉልበት መሐል ትገባለች። ራሷን ጭኗ ላይ ጣል ታደርጋለች፤ አንዳንዷ ትተኛለችም። በአዲሱ ወንበር ላይ ሠሪዋ ቀኑን ሙሉ ቆማ፣ እጇን ሰቅላ መሥራት ሊኖርባት ነው። ብርቅነሽና ሌላዋ ወጣት ሠራተኛ ሳሮን ወገባቸው ተቆረጠ። ግን ማን ይንገረው? ልጁ ደክሞበታል፣ ገንዘቡን አፍስሶበታል፣ ደስ ብሎታል። ይሉኝታ ያዛቸው። በስልክ ወንበሩ እንዴት ነው ሲል በጣም ጥሩ ነው ይሉታል። አገልግሎቱ ግን እየዘገየ፣ ደንበኛው እየቀነሰ ሄደ። ሙርሺድ መኪናው ውስጥ ቁጭ ብሎ በሩን እያየ የሆነው ሊገባው አልቻለም።

የገባው አንዲት ወፍራም የወሎ ሴት የሶፋ ትራስ በብብቷ ይዛ ስትገባ ሲያያት ነው። በሳምንቱ ሌላዋ የጸሎት ምንጣፍ ጠቅልላ መጣች። ሦስተኛዋ የሕፃናት የፕላስቲክ ወንበር ተሸክማ ነበር። ያን ጊዜ ሙርሺድ ከመኪናው ወርዶ ይህን ለምን እንደያዘች ጠየቃት።

«የት ልቀመጥ ታዲያ፣ አንተ ገዝተህልኛል?» አለችው።

ያን ሳምንት ሰልዋ ከአቡ ዳቢ ስትመጣ ገብታ አይታ ወጣች፤ መኪናው ውስጥ ገብታ እስክትደክም ሳቀች። ወንበሮቹ ግማሾቹ ተሸጡ። ዱካዎቹና ፍራሾቹ እንደ አዲስ ተሠሩ። ከዚያ በኋላ ሙርሺድ ሠራተኞቹን እንዴት ነው ብሎ መጠየቅ ተወ፤ ምን አስቸገራችሁ ብሎ ይጠይቅ ጀመር። ለዚህኛው ጥያቄ ይሉኝታ አያስፈልግም፤ መልስ ያገኝበታል። ቤቱ ቀና አለ። ሙሽሮችን በቤታቸው ሄዶ መሥራትን የጀመረውም እሱ ነው፤ ሴቶቹን በፒክአፑ ያደርሳል፣ ውጭ ይጠብቃል፣ ይመልሳል። የአል ዐይን ሰው የመርየምን ቤት ከበፊቱ ይልቅ ያወቀው በእሱ ዘመን ነው።

ሆኖም አንድ ነገር ልቡን ይበላው ነበር። ሰልዋ በየሳምንቱ መጨረሻ ትመጣለች። እሱ በስልክ ሰባት ቀን ሲያገላብጠው የከረመውን ችግር፣ እሷ ገብታ ሻዩን ጠጥቶ ሳይጨርስ ፈትታው ትወጣለች። የምታደርገው ተአምር አይደለም። ውስጥ ቆማ ታያለች፤ ያ ብቻ ነው። ሙርሺድ ይህን ባየ ቁጥር ቤቱ በእሱ እጅ ሆኖ ቀስ በቀስ የሚሞት ይመስለው ነበር፤ የሚሞተው ደግሞ በገበያ እጦት አይደለም። የእናቱ እጅ ሲንቀጠቀጥ ያ ዱካ ላይ የሚደረገው ነገር ማን ይረከበዋል? እሱ ወንድ ነው። ብርቅነሽ ደግሞ ጥሩ ሠሪ ናት እንጂ ሰው ፊት አፏ ይያዛል። ለእናቱ ደጋግሞ ነገራት፤ ቤቱን ለሰልዋ ስጪያት አላት። እሷም ሁልጊዜ አንድ መልስ ነበር የምትሰጠው፦ በሕይወት እያለሁ ልጄን ከፎቅ አላወርዳትም።

ባለፈው ክረምት መርየም ለምርመራ አቡ ዳቢ ሆስፒታል ተኛች። ሰልዋ ከሥራ ስትወጣ አጠገቧ ታድራለች። ሙርሺድ አል ዐይን ቀረ። አንድ ቅዳሜ ከወልድያ ስልክ ተደወለለት። የደወለው የዮርዳኖስ ወንድም ነው። ዮርዳኖስ አል ዐይን ውስጥ ከአንድ ቤት መንታ ሕፃናት ታሳድጋለች፤ በማግሥቱ እሑድ ዕረፍቷ ነው። አባታቸው አቶ ወንድወሰን ሐሙስ ዕለት አርፈዋል። ወንድሟ እትዬ መርየምን አገናኘኝ ሲል ሙርሺድ መታመሟን ነገረው። ሰውየው እንግዲያው እናንተ እንደመሰላችሁ አድርጉት፣ ግን ለብርቅነሽ አስቀድማችሁ እንዳትነግሯት አለ። ብርቅነሽ የሟቹ የወንድም ልጅ ናት። ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። እሷም የሚያረዳት ሰው ትፈልጋለች እንጂ ማርዳት አትችልም።

ውስጥ የቀረችው ሳሮን ብቻ ናት፤ እሷ ደግሞ ልጅ ናት። ሙርሺድ ለእህቱ ደወለ።

ሰልዋ መጀመሪያ የተናገረችው እሱን አላስደሰተውም። ከሐሙስ ጀምሮ ሁሉም ሲያውቅ ልጅቷ ለምን አታውቅም አለች። «ሲሪየስሊ ሙርሼ፣ አባቷ ናቸው። አሁኑኑ ማወቅ መብቷ ነው። ልደውልላት እችላለሁ።»

ያለችው ለሙርሺድም እውነት መስሎ ታየው፤ አሁንም እውነት ይመስለዋል። «እማ ሩዝ እያወጣች ነው የሰማችው» አላት ብቻ።

ሰልዋ «ኦኬ። በጠዋት እመጣለሁ» አለች።

በጠዋት መጣች። ለእናቷ አልነገረቻትም፤ ሐኪሙ አታስጨንቋት ብሏል። መኪናው ውስጥ ከወንድሟ ጋር ተቀምጠው ማን ማን እንደሚጠራ ተነጋገሩ። ቤት ተከራይተው የሚኖሩ አራት አምስት ትልልቅ ሴቶችን እሱ ደወለላቸው፤ በየታክሲው መጥተው ሻርፓቸውን እየሳቡ አንድ አንድ እያሉ ገቡ። ሰልዋ እጇን ስትጨብጥ ስትፈታ አያት። እማ ምን እያለች ነው የምትጀምረው ብላ ጠየቀችው። እሱ በሕይወቱ ያን ነገር ሰምቶት አያውቅም። አላውቅም አላት። እሷም እኔም የማውቀው ከካስክ ሥር ተቀምጬ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ያየሁትን ብቻ ነው አለች፤ ሕፃን ሆና ያን ፀጉር ማድረቂያ ራሷ ላይ ደፍታ ስትጫወት ታያለች እንጂ አትሰማም ነበር። ከዚያ ወርዳ ገባች።

ዮርዳኖስ ጥቂት ቆይታ መጣች። ለሙርሺድ በመስኮቱ እጇን አውለብልባለት ገባች። እሱ አንገቱን ደፋ።

ውስጥ የሆነውን በኋላ የተናገረችው ሳሮን ናት። ሰልዋ ዮርዳኖስን ዱካው ላይ አስቀመጠቻት፤ ብርቅነሽንም ነይ እዚህ ብላ አጠገቧ አስቀመጠቻት። ብርቅነሽ ገና ቁጭ ስትል ገባት። ሰልዋ ግን እንደ እናቷ ከኋላ አልሆነችም። ፊት ለፊታቸው ወለሉ ላይ ተንበረከከችና የሁለቱንም እጅ ያዘች።

«ዮርዲ፣ ብርቄ፣ አባባ ወንድወሰን ሐሙስ አርፈዋል። ብቻሽን እንዳትሰሚው ብለን እስከ ዛሬ ይዘነዋል። ያንቺን ነገር ነው የያዝኩብሽ፤ ይቅር በይኝ።»

ሙርሺድ መኪናው ውስጥ ሆኖ የሰማው ጩኸቱን ነው። ሁለት ሴቶች ባንድ ላይ ሲጮኹ፣ ከዚያም ሌሎቹ ሲቀበሏቸው። ላውንደሪው በር ላይ ያሉት ወንዶች ሥራቸውን አቁመው ዞሩ። ንጋቱ ወደ መኪናው መጣ፤ ያን ቀን አልቀለደም፤ በሩን ከፍቶ አጠገቡ ተቀመጠ።

ትንሽ ቆይቶ የቤቱ በር በትንሹ ተከፈተና የሰልዋ እጅ በበሩ መስታወት ላይ የተሰቀለችውን ሰሌዳ ገለበጠችው። ዝግ ነው የሚለው ወደ ውጭ ዞረ። ሙርሺድ ክው አለ። ከቀትር በኋላ ሙሽራ ከእህቶቿና ከአክስቶቿ ጋር ቀጠሮ አላት፤ ከወራት በፊት የተያዘ ቀጠሮ ነው። ሙሽራዋ ደግሞ የሌላ ሰው አይደለችም፤ እናቱ ያገለገለቻቸው የማዳም ኡሙ ሰይፍ የልጅ ልጅ ናት። ሙርሺድ ያሰበው ሴቶቹ እስከ ቀትር ሶላት፣ እስከ ዙህር፣ ያለቅሱና ዮርዳኖስ ወደ ቤት ትሸኛለች፣ ከሰዓት ሥራ ይቀጥላል ብሎ ነበር። ደወለላት።

«ማን ዝጊ አለሽ?»

«ማንም። እኔ ነኝ የዘጋሁት።»

«ሙሽራዋስ?»

«ከኡሙ ሰይፍ ጋር ተነጋግሬያለሁ። ማታ ቤቷ ሄደን እንሠራለን፤ እኔና ሳሮን፣ ከአቡ ዳቢ ደግሞ አንዲት ጓደኛዬ ትመጣለች። ብርቄ አትሠራም። መኪናው ቤንዚን አለው?»

«ግማሽ ነው።»

«ሙላው» አለችና ዘጋችው።

ሙርሺድ ስልኩን እያየ ቀረ። ንጋቱ ምን አለችህ አለው። ቤንዚን ሙላ አለችኝ አለ። ያን ሲናገር ሳቅ መጣበት፤ በሰው ለቅሶ መሐል መሳቁ አሳፍሮት ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ማደያው ጋ ደርሶ ወረፋ ሲጠብቅ ነው የሳቀበት ነገር ምን እንደሆነ የገባው። አራት ዓመት ሙሉ ያ ቤት ሲጠይቀው ኖሯል፦ ይህን ምን እናድርገው፣ ያንን ምን እናድርገው። ዛሬ አልጠየቀውም። ዛሬ ትእዛዝ የሚሰጥ ሰው አግኝቷል። ደረቱ ውስጥ የተሰማውን ነገር መጀመሪያ ሐዘን መስሎት ነበር። አይደለም፤ ኩራት ነበር።

ሲመለስ ከኡሙ ሰይፍ ቤት የተላከ ትልቅ ትሪ ሩዝና ቴምር በሩ ላይ አገኘ። ኡሙ ሰይፍም ራሳቸው መጥተዋል፤ እርጅና ቢጫናቸውም በልጃቸው ተደግፈው ገብተው ከሴቶቹ ጋር ምንጣፍ ላይ ተቀመጡ። ማታ ሙሽራዋ ቤቷ ውስጥ ተሠራች። ሰልዋ ሂናውን አልነካችም፤ ሂና አትችልም። ሠራተኞቹን ግን እንደ አንድ እጅ አንቀሳቀሰቻቸው። ሲወጡ ኡሙ ሰይፍ በሩ ድረስ ሸኟትና የመርየም ልጅ መሆኗን ለዘመዶቻቸው ሁሉ በዐረብኛ ሲናገሩ ሙርሺድ ከመኪናው ሰማ።

በማግሥቱ ሁለቱም ሆስፒታል ሄዱ። ሰልዋ ሐኪሙን ልታናግር ስትወጣ ሙርሺድ ለእናቱ ሁሉንም ነገራት። መርየም ያቋረጠችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

«የሙሽራ ቀን ዘጋችው?»

«ዘጋችው።»

«አንተን ሳትጠይቅ?»

«ሳትጠይቀኝ።»

«አንተ ብትሆንስ?»

«እኔ ብሆን ከዙህር በኋላ ሥራ አስገባቸው ነበር። ብርቅነሽም እሺ ትለኝ ነበር። ዕንባዋን እየዋጠች ሙሽራ ትሠራ ነበር።»

መርየም የምትንቀጠቀጠውን እጇን በሌላው እጇ ያዘቻት። ሁለቱም ሩዙን እንዳሰቡ ሙርሺድ ያውቃል፤ ግን ማንም አላነሳውም።

«ከፎቅ ትውረድ እያልከኝ ነው» አለች በመጨረሻ።

«ከፎቅ ልውረድ ያለችሽ እሷ ናት። እኔ የምልሽ ቤቱ ውስጡ የሚቆም ሰው ይፈልጋል ነው። እኔ ጠበቅኩልሽ፤ አልጣልኩትም። አሁን ተረከቢኝ።»

«እህቱ አወረደችው ይሉሃል።»

«ይበሉኝ እማ።»

«አይከፋህም?»

«ወላሂ በሕይወቴ እንደ ትናንት ኮርቼ አላውቅም።»

ሰልዋ ስትመለስ እናቷ ስለ ቤቱ ምንም አላለቻትም። መጀመሪያ የጠየቀችው ብርቅነሽ እህል ቀመሰች ወይ ብላ ነው። ከዚያ ዮርዳኖስን ወደ አሠሪዎቿ ቤት ማን አደረሳት አለች። ሰልዋ አንድ በአንድ መለሰች፤ እኔ አደረስኳት፣ ማዳሟንም አነጋገርኳት፣ ሦስት ቀን ዕረፍት ሰጥታታለች አለች። መርየም በረጅሙ ተነፈሰች።

«ነይ እጅሽን» አለቻት።

ሰልዋ የሆነው አልገባትም፤ ወንድሟን አየችው። እሱ ሂጂ አላት በዓይኑ። መርየም የልጇን እጅ በሁለት እጇ ያዘች፤ መንቀጥቀጡ ወደ ሰልዋ ክንድ ሲሻገር ይታይ ነበር።

«በርሽ አይጥበብ» አለች። «የገባ አይቀየምብሽ። አልቅሳ የገባች ተጽናንታ ትውጣ። ከአፍሽ ክፉ አይውጣ፤ ክፉ ሲመጣ ግን አፍሽ አይያዝ። ቤቱን ሰጥቼሻለሁ፤ አላህ ይርዳሽ።»

ሙርሺድ በእያንዳንዱ ላይ አሚን አለ። ከጎን ያለችው የታመመች የሶርያ ሴት ቋንቋውን ሳታውቅ እሷም አሚን አለች። ሰልዋ ግን አሚን ማለት አቃታት፤ ጥቁር ኮቷን እንደለበሰች አልጋው ጫፍ ላይ ተደፍታ አለቀሰች። መርየም ኮት ያለ ፎቅም ይለበሳል አለቻት፤ ያኔ ሦስቱም ሳቁ።

የንግድ ፈቃዱን ስም ለማዛወር የሄዱት እናታቸው ከሆስፒታል ከወጣች በኋላ ነው። አል ዐይን ያለው ጽሕፈት ቤት ሰው ሞልቶት ነበር። ተራቸው ደርሶ ሲቀርቡ ሠራተኛው ወረቀቱንና እስክሪብቶውን ወደ ሙርሺድ ገፋለት። ሙርሺድ ወደ እህቱ ገፋው። ሠራተኛው ሥራ አስኪያጁ አንተ አይደለህም ወይ አለው፤ እስከ አሁን ያለው ስም ያንተ ነው። ሙርሺድም ነበርኩ፣ ከዛሬ ጀምሮ እሷ ናት አለ። ሰልዋ ወንበሩን ሳብ አድርጋ ተቀመጠች፤ የተጻፈውን ሁሉ ከላይ እስከ ታች አነበበች፤ አንድ የተሳሳተ ፊደል አግኝታ አሳረመች፤ ከዚያ ፈረመች።

ሠራተኛው ማኅተሙን ሊመታ እጁን አንስቶ ሙርሺድን እንደገና አየው። «አንተስ ታዲያ ማነህ?» አለው።

ሙርሺድ ከዚያ በፊት በሰው ፊት ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲናገር ሰምቶት የሚያውቅ የለም።

«ወንድሟ ነኝ» አለ፤ ወረፋ የሚጠብቁት ሁሉ ዞረው አዩት።